ለኦስታፕ የሚሆን ጽጌረዳ

ካሊና፣ ሳስካቹዋን
ጁላይ 2፣ 1953

ውድ ፍሮሲና፣

እንደምን ከርመሻል? ወንድሜ ኢላሪዮንስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ፕሮኮፕ ወገቡን ያመዋል፤ ወገቤን ወገቤን እያለ ግን ከትራክተሩ አይወርድም። «ባልሽን ከዚህ ወንበር ላይ የሚያወርደው ቄስ ብቻ ነው» ይለኛል። መልሱን ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። እርሻው ዘንድሮ ፋታ አልሰጠንም፤ ደግሞም አይቼ ልጻፍላት ብዬ ነው የቆየሁት።

የጠየቅሽኝን ሁሉ ልመልስልሽ። አዎ፣ ጽጌረዳው በደህና ደርሷል። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ስለላክሽው ሥሩ አልደረቀም። የባቡር ጣቢያው ሰው ጥቅሉን እያሸተተ «ከባሕር ዳርቻ ነው የመጣው፤ ዓሣ ነው እንዴ?» ሲለኝ፣ «ዓሣ አይደለም፣ የወንድሜ ሚስት ናት» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አፌ ላይ መጣልኝና አልኩት።

ሥሩን አንድ ቀን ባልዲ ውኃ ውስጥ አቆይቼ በማግስቱ ተከልኩት። አዎ፣ በራስጌው በኩል፣ ከመስቀሉ በስተግራ፣ አንቺ እንዳልሽው። አዎ፣ አበበ። አንዲት አበባ ነው ያወጣው፤ ትልቅ፣ እንደ ሲኒ የጎደጎደ። ቀለሙን ልነግርሽ ፈልጌ ቃል አጣሁ። ኦስታፕ በብርድ ሲጫወት ቆይቶ ወደ ቤት ሲገባ ጉንጩ ምን ይመስል ነበር? እሱን ነው። ይኼን በማለቴ ካስከፋሁሽ ይቅር በይኝ።

መቃብሩን ከፋሲካ በኋላ አጽድተን ቄሱ ባርከውታል። ዳቦና ቀለም የተቀባ እንቁላል አስቀምጬለታለሁ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ምን እንደሚወድ አውቃለሁና ከረሜላም ጨመርኩበት። ስለዚያ ፌብሩዋሪ እንዳላነሳብሽ ነግረሽኛል፤ አላነሳም።

ኢላሪዮንን ሳሚልኝ።

አክባሪሽ ቴክላ

ቪክቶሪያ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ
ጃንዋሪ 9፣ 1954

እትዬ ቴክላ፣

እንኳን ለልደት በዓል አደረሰሽ። እዚህ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ከሁለት ሳምንት በፊት አክብረው የበዓሉን ዛፍ አውጥተው ጥለዋል። እኛ ብቻችንን ጃንዋሪ ሰባትን ስናከብር አከራያችን «አሁን ደግሞ ምን በዓል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስንዴውን በማር ቀቅዬ፣ ለሞቱት አንድ ሰሃን ትርፍ አቅርቤ፣ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን በላን።

«ኢላሪዮን ይጫወታል ወይ?» ላልሽኝ፦ መርከብ ጥገናው ቤት ይሠራል፣ ይመለሳል፣ ጋዜጣ ያነባል። ክፉ ቃል አይወጣውም። እኔም አይወጣኝም። በአንድ ቤት ሁለት ተከራይ ሆነን ቀረን፣ እትዬ። አታስታርቂን፤ አልተጣላንም።

ጽጌረዳውን ለምን አጥብቄ እንደምጠይቅሽ ሳይገርምሽ አይቀርም። አንድ ጊዜ ልንገርሽና አይደገምም። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ልጄ ታመመ፣ ሞተ፣ ተቀበረ፤ እኔ የሰማሁት በዘጠነኛው ቀን ነው። ፊቱን አላየሁም። አፈር አላለበስኩትም። አንቺን አልወቅስሽም፤ ልጁን ያስታመምሽልኝ አንቺ ነሽ። ማን እንዳስደበቀኝ ኢላሪዮን ራሱ በአፉ ነግሮኛል፤ «እኔ ነኝ» ብሎኛል። እንግዲህ እኔ ያልቆምኩበት ቦታ አንድ የእኔ የሆነ ነገር ቆሞ እንዲያድር ፈለግሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

እዚህ ዝናብ ብቻ ነው። ትናንት ጓሮ ወጥቼ በጃንዋሪ ያበበ ጽጌረዳ አየሁና ተናደድኩበት። እናንተ ዘንድ ስንት ዲግሪ ገባ? በሬዲዮ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ደህና አድርገሽ አልብሰሽዋል? እውነቱን ጻፊልኝ።

ፍሮሲና

ካሊና
ጁን 28፣ 1954

ውድ ፍሮሲና፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እንዲህ በመዘግየቴ አፍራለሁ።

አዎ፣ ደህና ነው። አዎ፣ አበበ። ሁለት።

ሌላው ወሬ፦ ዶሮዎቹን ቀበሮ ፈጃቸው፤ ስድስት ቀርተውኛል። ፕሮኮፕ ጠመንጃውን ይዞ ሦስት ቀን አድብቶ የገደለው የራሱን ባልዲ ነው። መንደሩ ሁሉ እየሳቀበት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር «ፕሮኮፕ፣ ባልዲው እንዴት ነው? ይሻለዋል?» ይሉታል። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ስንዴው ጉልበት ደርሷል። ጎመኑም ጥሩ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አዲስ ቆርቆሮ እያለበሱት ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ከእኛ ማሳ ይታያል። ወተቱን ዘንድሮ ለአይብ ፋብሪካው ማቅረብ ጀምረናል። አዲሲቱ አስተማሪ ስኮትላንዳዊት ናት፤ የልጆቹን ስም መጥራት አቅቷት ሁሉንም «አንተ» ብቻ ትላለች።

እጄን ደክሞኛል፤ ለዛሬ ይብቃኝ። ኢላሪዮን ሻካራ ነገር አይብላ፤ ጨጓራው የሚያመው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው።

አክባሪሽ ቴክላ

ቪክቶሪያ
ሴፕቴምበር 18፣ 1955

እትዬ ቴክላ፣

የላክሽልኝ የደረቀ አበባ ደረሰኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ፖስታውን ስከፍተው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ገረመኝ፤ እዚህ ጓሮ ያለው የአንድ እናት ልጅ ጽጌረዳ እንዲህ አይሸትምና። ቀለሙም ጠቆር ብሏል። አፈሩ ነው? ወይስ ሲደርቅ እንዲህ ይሆናል? ብቻ ደስ ብሎኛል። መጽሐፌ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ፎቶግራፍ አንሺ ያልኩሽን ለሁለተኛ ጊዜ ረሳሽው። የፕሮኮፕ ካሜራ ተሰብሯል ብለሽ ነበር፤ እስካሁን አልተሠራም?

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በሚቀጥለው ጁን እመጣለሁ። ለቲኬቱ እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሐሳቤን አልቀይርም። ከካሊና ከወጣሁ በሚቀጥለው ዓመት ስምንት ዓመት ይሞላኛል፤ እስከ ዛሬ ለመምጣት እግሬ እምቢ ይለኝ ነበር። አሁን ግን እዚያ የሚጠብቀኝ ነገር አለ። ቀኑን ስትወስኚልኝ ጽጌረዳው የሚያብብበትን ሳምንት አድርጊው። ለጁን ሃያዎቹ ይደርሳል?

የምመጣው ብቻዬን ነው። ኢላሪዮንን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ፍሮሲና

ካሊና
ማርች 11፣ 1956

ፍሮሲናዬ፣

አራት ደብዳቤ ልከሽልኝ ለአንዱም አልመለስኩም። አልታመምኩም። ፕሮኮፕም አልታመመም። ፈርቼ ነው።

ጽጌረዳው የለም።

በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ነው የሞተው። አንቺ በጃንዋሪ «አልብሰሽዋል ወይ» ብለሽ ስትጠይቂኝ አልብሼው ነበር፤ አፈር ቆልዬበት፣ ገለባ ጭኜበት፣ ከላይ በርሜል ደፍቼበት። ከዜሮ በታች አርባ ሁለት ገባና ያን ሁሉ አልፎ ገደለው። በሜይ ስገልጠው ግንዱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ለካስ በሌላ የዱር ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠለ ኖሯል፤ ከላይ ያለው ያንቺው ሲሞት ከታች ያለው የማይታወቀው ቅጠል አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት እሱም ሞተ። «ሁለት አበበ» ያልኩሽ ውሸት ነው። የላክሁልሽም አበባ የእሱ አይደለም። ካሜራውም አልተሰበረም።

ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ልጇን ያጣች ሴት ላይ ደግሞ ጽጌረዳውም ሞተ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ቆይ፣ ሌላ ተክዬ ሲይዝልኝ እነግራታለሁ አልኩ። ፕሮኮፕ «ሴትዮ፣ ይኼ ነገር ሲውል ሲያድር ይከብድሻል፤ ዛሬ ጻፊላት» ብሎኝ ነበር። አንዳንዴ አዋቂ ነው።

ከእኛ ሠላሳ ማይል ርቆ ኢስበስተር የሚባል ሽማግሌ ችግኝ ያፈላል። ሄድኩበት። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ጽጌረዳ ተክዬ ነበር ስለው ሳቀና «እሱን እዚህ መትከል እኮ ሕፃን ራቁቱን ደጅ ማሳደር ነው» አለኝ። ምን እንደተናገረ አያውቅም፤ እኔ ግን እዚያው ከችግኙ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ደነገጠ። ባርኔጣውን አውልቆ «ለማን ነው የምትተክዪው?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ አልቀለደም።

«ሰው ሁሉ መጥቶ ቀለሙን ነው የሚጠይቀኝ» አለ። «አንቺ መጀመሪያ ሥሩን ጠይቂ። በገዛ ሥሩ የቆመ ከሆነ ከላይ ቢሞት እንኳ ከታች የሚወጣው ራሱ ነው። ቅጠሉ የተጨማደደውንና ሻካራውን ውሰጂ፤ የሚያብረቀርቀውን ለባሕር ዳርቻ ሰዎች ተዪላቸው። ኦገስት ከገባ ፍግ አትጨምሪበት፣ ውኃም ቀንሺበት፤ እንዲተኛ ነው የምትፈልጊው። በረዶውን አትፍሪው፣ ብርድ ልብሱ ነው። የሚገድለው የማርች ፀሐይ ነው፤ ቀን ቀስቅሶት ሲመሽ የሚከዳው።»

አምስት ዓይነት ሰጠኝና ከጎተራው ጀርባ፣ ነፋሱ በሚብስበት ቦታ ተከልኳቸው፤ እዚያ የኖረ የትም ይኖራል ብዬ። መቃብሩ ላይ ሌላ የሚሞት ነገር መትከል አልሆነልኝም። ሁለት የበረዶ ወራት አለፋቸው። ነጩ ሞተ። አንደኛው ሮዝ በየዓመቱ እስከ መሬት እየሞተ እንደገና ይነሣል፤ አበባ ግን የለውም። ቢጫው ደህና ነው፤ ያንቺው ግን ቢጫ አልነበረም። ሃንዛ የሚሉት ሐምራዊው እንደ አረም በረታ፤ ቅርንፉድ የሸተተሽ እሱ ነው። አምስተኛው ተሬዝ ቡኜ ይባላል፤ ከአልበርታ ነው የመጣው። ሮዝ ነው፤ ትክክለኛው ሮዝ። በበረዶው መሐል ግንዱ ቀይ ሆኖ ቆሞ ይታያል። ከሥሩ ልጅ አውጥቷል። እሱን ለኦስታፕ ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ፤ ያለ አንቺ ፈቃድ ግን እጄን አላነሳም።

የምትይኝን ሁሉ በይኝ።

ቴክላ

ቪክቶሪያ
ማርች 24፣ 1956

ቴክላ፣

ስለ ጽጌረዳ አትጻፊልኝ። ሥሩም፣ ቀለሙም፣ ሽማግሌውም ይቅርብኝ።

ሁለተኛ ጊዜሽ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የእኔ የሆነ ነገር ሞቶ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትችላለች አትችልም ብላችሁ መከራችሁብኝ። እኔ እዚህ ሁለት ዓመት ለሞተ ነገር ስጸልይ፣ ስለ ዶሮና ስለ ባልዲ ትጽፊልኛለሽ። እኔም እስቅ ነበር። ያ ነው ያቃጠለኝ፤ እስቅ ነበር።

ልትጽፊልኝ ከፈለግሽ አንድ ነገር ጻፊልኝ። ዘጠኙን ቀን ጻፊልኝ። ማን ተሸከመው፣ ምን ለበሰ፣ ምን አለ። እኔን አስበሽ አንድም ነገር እንዳትዘልዪ። ኢላሪዮንን ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ፤ ፊቱን አዙሮ ይወጣል።

ካልቻልሽ አትጻፊ።

ፍሮሲና

ካሊና
ኤፕሪል 8፣ 1956

ፍሮሲና፣

እሺ።

አንቺን በጃንዋሪ መጨረሻ ሆስፒታል ወሰዱሽ፤ ትርፍ አንጀትሽ ፈንድቶ። ኦስታፕ እኔ ዘንድ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሳል ጀመረው። በዚያው ቀን ያ የበረዶ ነፋስ ተነሣ፤ ባቡሩ ቆመ፣ መንገዱ ጠፋ፣ አጥሮቹ ሁሉ ተዋጡ። ሐኪም ማምጣት አልተቻለም። ደረቱን በዝይ ሞራ አሸሁት፣ የሽንኩርት ውኃ አጠጣሁት፣ በእንፋሎት አጠንኩት። ፌብሩዋሪ 5፣ ማለዳ ላይ፣ እቅፌ ውስጥ ሞተ። አልተሠቃየም ልልሽ ፈልጌ ነበር። ተሠቃይቷል። መተንፈስ አቅቶት ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ዝም ብሎ እንደ መተኛት ሆነ፤ ይኼ እውነት ነው።

ምን አለ ላልሽኝ፦ «እማዬ ላም እያለበች ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ስትጨርስ ትመጣለች?» አለ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

የለበሰው አንቺ አንገቱንና እጅጌውን በቀይና በጥቁር የጠለፍሽለትን ሸሚዝ ነው። ገና ሕፃን ስለሆነ ጫማ አያስፈልገውም አሉኝ፤ እኔ ግን ካልሲ አደረግሁለት። ሳጥኑን ፕሮኮፕ ከጎተራው ሳንቃ ሠራው፤ ሲሠራ ማንንም አላስጠጋም። መሬቱ እንደ ብረት ደርቆ ነበር። ገለባና ጉቶ እያነደዱ እያቀለጡ፣ በዲጅኖ እየመቱ፣ አራት ወንዶች ሁለት ቀን ቆፈሩ። ቄሱ መምጣት ስላልቻሉ ጸሎቱን ያደረሱት መዘምሩ ሽማግሌ ናቸው። ሳጥኑን የተሸከመው ኢላሪዮን ነው፤ ብቻውን፣ ደረቱ ላይ አቅፎ። እንርዳህ ሲሉት ይበልጥ አጥብቆ ያዘው።

አሁን የሚቀረውን ልጻፍ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የደበቅሁሽ እኔ ነኝ። በስልክ ከሆስፒታሉ «ትኩሳቷ አልወረደም፣ አትረበሽ» ብለውን ነበር። ኢላሪዮን ልጁ በሞተበት ቀን ፈረሶቹን ጫነ። «አርባ ማይል በዚህ ነፋስ? አንተም መንገድ ላይ ልትቀር ነው!» ብዬ ልጓሙን ያዝኩ። «ትሰማ፣ ቴክላ። እናቱ ናት» አለኝ። «ሰምታ ብትሞትስ? ሁለት ሳጥን ልታሠራ ነው?» አልኩት። አወረድኩት። ከቀብሩ በፊት አንድ ጊዜ ደግሞ ጫነ፤ ደግሜ አወረድኩት። በሦስተኛው፣ ከቀብሩ ማግስት፣ ነፋሱ ቆሞ ነበር። መሄድ ይቻል ነበር፣ ፍሮሲና። በረዶ ላይ የሚንሸራተተው ጋሪ ላይ ወጥቶ ልጓሙን ሳይይዝ ተቀመጠ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ገና ናት፣ ትንሽ ትጠንክር» አልኩ። ወረደ። ታናሼ ነው፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያልኩትን ይሰማል። ያን ቀን ባይሰማኝ ኖሮ!

ልንነግርሽ የመጣን ዕለት እኔ ከሆስፒታሉ ክፍል በር ጀርባ ነበርኩ። «ማን ነው ያስደበቀኝ?» ብለሽ ስትጮሂ ሰማሁ። «እኔ ነኝ» ሲልም ሰማሁ። እገባለሁ ብዬ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ነበር። አልገባሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልገባሁም።

አልዘለልኩም።

ቴክላ

ቪክቶሪያ
ጁን 4፣ 1956

ቴክላ፣

ሁለት ወር ዝም ስላልኩሽ ይቅርታ አልጠይቅሽም። በየሳምንቱ የላክሻቸውን አጫጭር ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ። አዎ፣ ያ ደብዳቤ ደርሶኛል። አዎ፣ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ስንቴ እንደሆነ አላውቅም።

መጀመሪያ ጠላሁሽ። እውነቱን ካልጻፍኩልሽ እኔም እንዳንቺ መሆኔ ነው። የሽንኩርት ውኃሽን፣ ካልሲሽን፣ ሁሉን ጠላሁት። ከዚያ «እማዬ ላም እያለበች ነው?» የሚለው ላይ ስደርስ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ልጄ ትመጣለች ብሎ አምኖ ነው የተኛው። ይኼን አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት የት ሄደች ብሎ ሲጠራኝ ነበር የሚታየኝ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ደብዳቤውን ለኢላሪዮን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ልጓሙ ላይ ስደርስ እጁን ወረቀቱ ላይ ጫነና «በቃ» አለ።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«እህቴ ናት።»

«እኔስ? እኔ ማን ነኝ?»

«የምትጠዪው ሰው ያስፈልግሽ ነበር» አለኝ። «እሷ ሩቅ ናት። እኔ አጠገብሽ ነበርኩ።»

ሳህኖቹን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ «ከብዶህ ነበር?» አልኩት። «ሳጥኑ?» አለኝ። እኔ እንኳ የጠየቅሁት ስለ ሌላ ነበር። «ቀላል ነበር» አለ። «በጣም ቀላል ነበር፣ ፍሮሲና።» ከሠርጋችን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እስኪመሽ እዚያው ወጥ ቤት ተቀመጥን።

ይቅር አላልኩሽም። ገና ነው። «ገና» ያልኩትን ልብ በይው፤ አስቤበት ነው የጻፍኩት።

ጁን 21 በሐሙሱ ባቡር እንደርሳለን፤ ሁለታችንም። ፕሮኮፕ ጣቢያ ይምጣ። ያን ከአልበርታ የመጣው ሮዝ ከሥሩ ያወጣውን ልጅ አዘጋጂልኝ፤ ጉድጓዱን ግን አትቆፍሪ። እኔ ነኝ የምቆፍረው።

ፍሮሲና

ካሊና
ጁላይ 22፣ 1956

ውድ ፍሮሲና፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፕሮኮፕ «ገና ሳይሳፈሩ ነው እንዴ የጻፈችው?» አለ። ጣቢያው ላይ ስለተናገርሽኝ ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ ያልሽውን አልቀበልም። ማለት ነበረብሽ፤ ተባልኩ። ሰው ሁሉ ሰማ፤ ይስማ። ሲመሽ ደግሞ ድንች ስንልጥ ያልሽኝን እኔና አንቺ ብቻ ሰማን፤ ለእሱ እጅሽን እስማለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የተከልሽው ይዟል። ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ቆጥሬ ነው። አይ፣ በየቀኑ ውኃ አላጠጣውም፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ግን እስኪጠግብ። ኢስበስተር እንዲህ አድርጊ ብሎኛል። ኦገስት ሲገባ እቀንስበታለሁ። አዎ፣ ኢላሪዮን ብቻውን ወደ መቃብሩ ተመልሶ ሄዶ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ አንቺ ሻንጣ ስታስሪ። ፕሮኮፕ ከሩቅ አይቶታል። ምን እንዳደረገ አልጠየቅነውም። ጉልበቱ ላይ አፈር ነበረበት።

ፕሮኮፕ ያንቺን አቆፋፈር አይቶ «እኛ አራት ሆነን ሁለት ቀን የፈጀንበትን መሬት ይቺ ሴት በሩብ ሰዓት ጨረሰችው» እያለ ለመንደሩ ያወራል። ጁን ነው እኮ ብለው አይሰማም። እሱ እንዲህ ነው የሚያዝነው።

ፎቶግራፉ ከዚህ ጋር አለ። ደብዛዛ ነው፤ ካሜራው ሳይሆን አንሺው ነው።

ቴክላ

ካሊና
ሜይ 19፣ 1957

ውድ ፍሮሲና፣

የተከልሽው ሞቷል። ዛሬ ጠዋት አይቼው መመለሴ ነው፤ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ።

ብርዱ አይደለም። ብርዱን ችሎት ነበር፤ በማርች ግንዱ ቀይ ሆኖ ከበረዶው በላይ ሲታይ ደስ ብሎኝ ነበር። አይጥ ነው። በረዶው ሥር ተሸሽጎ ገብቶ ልጣጩን ዙሪያውን ግጦታል። ሥሩን በማንኪያ ቆፍሬ አየሁ፤ ሕፃን ሥር ነው፣ አልጠነከረም ነበር፤ በስብሷል። ግንዱን በቆርቆሮ መክበብ ነበረብኝ። ኢስበስተር ነግሮኝ ነበር፤ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከጎተራው ጀርባ ያለው እናቱ ደህና ነች፤ ዘንድሮ ግን ልጅ አላወጣችም። ሌላ እስክታወጣ አንድ ዓመት ምናልባትም ሁለት መጠበቅ ነው። አለበለዚያ ሃንዛው አለ። አራት ልጅ አውጥቷል፤ አይጥም አይደፍረውም፣ ምንም አይገድለውም። ያልነገርኩሽ ግን አንድ ነገር አለ፤ እሾሁ ክፉ ነው። ከላይ እስከ ታች እንደ ጃርት ነው፤ ስቆርጠው ጓንቴን አልፎ ያደማኛል። ለሕፃን መቃብር እንዴት ይሆናል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያላነሳሁልሽ። አሁን ሁሉን ታውቂያለሽ። ምረጪ።

እንዲህ ያለ ወሬ ስለላክሁብሽ ይቅርታ።

ቴክላ

ቪክቶሪያ
ሜይ 27፣ 1957

እትዬ ቴክላ፣

መርዶሽ ደረሰኝ። በደጃፉ ቆሜ አነበብኩት፤ አለቀስኩ። ኢላሪዮን ሻይ አፍልቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እሱም አነበበው። «ኮቷን ሳታወልቅ» አለና ሳቅ አለ።

አልጠብቅም። ሃንዛውን ትከዪው። በዚህ ሳምንት፣ መሬቱ ሳይደርቅ። በዚያው ቦታ፣ በራስጌው በኩል ይሁን።

እሾሁን አታስቢው። ኦስታፕ እኮ በዚህ ኖቬምበር አሥራ አራት ዓመት ይሞላው ነበር። ትናንት ከኢላሪዮን ጋር ስናሰላው ነበር፤ አባቱን ትከሻው ላይ ይደርስ ነበር። እንዲያ ያለ ልጅ እሾህ ወጋኝ ብሎ አያለቅስም። አጥር ዘሎ፣ ሱሪውን ቀዶ፣ እጁን አድምቶ ይመጣል፤ እኔም እስኪበቃኝ እቆጣዋለሁ።

ፍሮሲና